ሃርድ ዲስኩ ሲያስቸግር፦ ፎርማት ከማድረጋችሁ በፊት

«ኮምፒውተሬ አልከፍት ብሎኛል፣ ፎርማት ላድርገው?» ይህን ጥያቄ በስልክም፣ በቴሌግራምም፣ መንገድ ላይም እጠየቃለሁ። ጠያቂው አብዛኛውን ጊዜ ከ10 ዓመት በላይ የሠራ ዴስክቶፕ ያለው ሰው ነው። ዴል ኦፕቲፕሌክስ፣ ኤችፒ ኮምፓክ ወይም ሌኖቮ፤ 500 ጊጋ ሃርድ ዲስክ፣ 4 ጊጋ ራም። ውስጡ የልጆች ፎቶ፣ የሱቅ ሒሳብ፣ የመመረቂያ ጽሑፍ አለ። ሌላ ቦታ የተቀመጠ ኮፒ ግን የለም።

መልሴ ሁሌም አንድ ነው፤ አታድርጉት። ፎርማት የመጨረሻው ሥራ ነው። መጀመሪያ ችግሩ የዲስኩ መሆን አለመሆኑን እንለያለን። ቀጥሎ ፋይሉን እናወጣለን። ጥገናው ከዚያ በኋላ ይመጣል። ይህ ቅደም ተከተል ከተገላበጠ ፋይሉን መመለስ ላይቻል ይችላል። ስለዚህ ደረጃዎቹን አትዝለሉ።

የሚያስፈልጉ ዕቃዎች

- መካከለኛ ባለ መስቀል ካቻቪቴ።
- አንድ ትርፍ የሳታ ዳታ ገመድ፤ ዲስኩን ከማዘርቦርዱ (ከኮምፒውተሩ ዋና ሰሌዳ) ጋር የምታገናኘው ቀጭን ገመድ ናት። ትንሽ ዕቃ ናት፤ ደህና ዲስክ ከመጣል ግን ታድናለች።
- ሲአር2032 የምትባለው ክብ ባትሪ፣ 3 ቮልት። በሳንቲም መጠን ያለችው ናት።
- ኤክስተርናል ሃርድ ዲስክ። ነፃ ቦታው ከምታወጡት ፋይል መብለጥ አለበት።
- 8 ጊጋ ወይም ከዚያ በላይ የሆነ ባዶ ፍላሽ፣ እና ለጥቂት ሰዓት የምትዋሱት የሚሠራ ሌላ ኮምፒውተር።
- ለስላሳ ብሩሽና ደረቅ ጨርቅ።
- ካሜራ ያለው ስልክ።
- ከተገኘ ዩፒኤስ፣ ማለትም መብራት ሲጠፋ ለጥቂት ጊዜ ኤሌክትሪክ የሚሰጠው ባለ ባትሪ ሳጥን።

ዲስኩን አውጥታችሁ ከሌላ ኮምፒውተር ጋር ማገናኘት ካሰባችሁ፣ ከሳታ ወደ ዩኤስቢ መቀየሪያ ያስፈልጋል። እዚህ ላይ ብዙ ሰው ይሸወዳል። የዴስክቶፕ ዲስክ፣ ማለትም ትልቁ 3.5 ኢንች፣ ሞተሩ የሚዞረው በ12 ቮልት ነው። የኮምፒውተሩ የዩኤስቢ ቀዳዳ ደግሞ 5 ቮልት ነው የሚሰጠው። ስለዚህ መቀየሪያው ግድግዳ ላይ የሚሰካ የራሱ አዳፕተር ሊኖረው ይገባል። ለላፕቶፕ ዲስክ የተሠራውን ገዝታችሁ፣ ዲስኩ አልዞር ሲል «ሞቷል» ብላችሁ እንዳትጥሉት።

ከመጀመራችሁ በፊት ማስጠንቀቂያ

- ዲስኩ ቀጭ፣ ቀጭ፣ ቀጭ የሚል ተደጋጋሚ ድምፅ ካሰማ ወዲያውኑ አጥፉት። «እስኪ አንዴ ልሞክረው» አትበሉ።
- የዲስኩን ክዳን በፍጹም አትክፈቱ። ማንበቢያው ከሚዞረው ሳህን በላይ የሚንሳፈፈው በናኖሜትር በሚለካ ክፍተት ነው። በዓይን የማትታይ ብናኝ ከዚያ ክፍተት ትበልጣለች።
- የኤሌክትሪክ ማከፋፈያውን ሳጥን፣ ማለትም ፓወር ሰፕላዩን፣ አትፍቱ። ከሶኬት ከተነቀለ በኋላም ውስጡ አደገኛ ኤሌክትሪክ ይቆያል።
- ዊንዶውስ «ዲስኩን ፎርማት ላድርግ?» ወይም «ኢኒሻላይዝ ላድርግ?» ብሎ ቢጠይቃችሁ ካንሰል በሉ። ጥያቄው የሚመጣው ዊንዶውስ የፋይሉን ማውጫ ማንበብ ስላቃተው ነው። ፋይሉ ራሱ እዚያው ሊኖር ይችላል።

1. አዳምጡ

ጆሯችሁን ወደ ሳጥኑ ጠጋ አድርጉና ኮምፒውተሩን አብሩ። ጤነኛ ዲስክ ሲነሣ ለስለስ ያለ የመዞር ድምፅ አለው። አልፎ አልፎ ደግሞ ጭርጭር ይላል፤ ይህ ሲያነብና ሲጽፍ የሚሰማ ነው።

እኩል እየቆጠረ የሚመላለስ ቀጭታ ግን ሌላ ነገር ነው። ማንበቢያው ቦታውን ፈልጎ እያጣ፣ ወደ መነሻው እየተመለሰ እንደገና እየሞከረ ነው። እያንዳንዱ ሙከራ ሳህኑን ሊፍቀው ይችላል። ይህን ከሰማችሁ አጥፉና በቀጥታ ደረጃ 5 መጨረሻ ላይ ያለውን አንብቡ።

ጭራሽ ድምፅ ከሌለው ወይም ትንሽ ጲጵ ብሎ ዝም ካለ፣ ሞተሩ አልዞረም ማለት ነው። ጥፋቱ የኤሌክትሪክ ገመዱ ሊሆን ስለሚችል ገና ተስፋ አትቁረጡ። ደረጃ 3 ላይ እንደርስበታለን።

2. ፍላሹን ንቀሉ፣ ቀኑን እዩ

ኮምፒውተሩ ላይ የተሰካ ፍላሽ፣ ሜሞሪ ካርድ ወይም ኤክስተርናል ካለ ሁሉንም ንቀሉና እንደገና አስነሡት። ብዙ አሮጌ ማሽኖች መጀመሪያ ዊንዶውስን የሚፈልጉት ፍላሽ ላይ ነው። እዚያ ሲያጡት «የሚነሣ ዲስክ የለም» ብለው ይቆማሉ። ሰዉ ደግሞ ይህን ጽሑፍ ሲያይ ዲስኩ የተቃጠለ ይመስለዋል።

አሁንም ካልተነሣ ባዮስ ውስጥ፣ ማለትም ከዊንዶውስ በፊት የሚነሣው የማሽኑ የራሱ ቅንብር ውስጥ፣ ግቡ። ልክ እንዳበራችሁት ዴል ላይ ኤፍ2፣ ኤችፒ ላይ ኤፍ10፣ ሌኖቮ ዴስክቶፕ ላይ ኤፍ1 ደጋግማችሁ ተጫኑ። ሦስት ነገር ተመልከቱ።

አንደኛ፣ ቀንና ሰዓት። ብዙ ዓመት ወደ ኋላ ተመልሶ ካገኛችሁት፣ ወይም ኮምፒውተሩ በተነሣ ቁጥር ኤፍ1 ተጫኑ እያለ የሚያስቆማችሁ ከሆነ፣ ማዘርቦርዱ ላይ ያለችው ባትሪ አልቃለች። ይህች ባትሪ የምትይዘው ሰዓት ብቻ አይደለም፤ የባዮስ ቅንብሮችንም ነው። እሷ ስታልቅና መብራት ሲጠፋ ቅንብሩ ወደ ፋብሪካው ይመለሳል።

ሁለተኛ፣ ዲስኩ በዝርዝሩ ውስጥ አለ ወይ? ስሙና መጠኑ ከታየ ማዘርቦርዱና ዲስኩ እየተነጋገሩ ነው። ካልታየ ገመድ፣ ኤሌክትሪክ ወይም ዲስኩ ራሱ ነው።

ሦስተኛ፣ የሳታ ኦፕሬሽን ወይም የሳታ ሞድ የሚለውን ፈልጉ። ማዘርቦርዱ ከዲስኩ ጋር የሚነጋገርበት ዘዴ ነው፤ ኤኤችሲአይ፣ ሬይድ ወይም አይዲኢ ሊሆን ይችላል። ይህ ጠንከር ያለ ነጥብ ስለሆነ ቆም ብላችሁ አንብቡ። ዊንዶውስ ሲጫን የነበረውን ሞድ ያስታውሳል፤ ሲነሣም ለዚያ ሞድ የሚሆነውን ድራይቨር (ከዲስኩ ጋር የሚያገናኘውን ፕሮግራም) ብቻ ይዞ ነው የሚነሣው። በኤኤችሲአይ የተጫነ ዊንዶውስ ባትሪዋ አልቃ ባዮሱ ወደ ሬይድ ወይም ወደ አይዲኢ ቢመለስበት፣ ገና ሲነሣ ሰማያዊ ስክሪን ያሳያል። «ኢንአክሰሰብል ቡት ዲቫይስ» የሚል ጽሑፍ ወይም በ7ቢ የሚጨርስ ኮድ ታያላችሁ። ዲስኩ ደህና ነው፤ ዊንዶውሱም ደህና ነው። አሁን ያለውን ሞድ በስልክ ፎቶ አንሡት፣ ወደ ሌላኛው ቀይሩት፣ ሴቭ አድርጋችሁ ውጡ። ከተነሣ ባትሪዋን ለውጡና ጨረሳችሁ። ካልተነሣ ወደነበረበት መልሱት።

3. ሳጥኑን ክፈቱ፦ ገመድና ኤሌክትሪክ

አንዲት የጽሕፈትና የፎቶ ኮፒ ሱቅ ያላት እህት ሲፒዩውን በነጠላ ጠቅልላ ይዛልኝ መጣች። «ወንድሜ፣ የሦስት ዓመት የደንበኛ ሥራ እዚህ ውስጥ ነው፤ ዲስኩ ሞቷል ብለውኛል» አለችኝ። ሳጥኑን ስከፍተው አቧራው እንደ ጥጥ ተጋግሯል። ቀይዋ የዳታ ገመድ በማዘርቦርዱ በኩል ግማሽ ወጥታ ዘማለች። ጠረጴዛ ሲጠረግ ሳጥኑን ጎተት ሲያደርጉት ነው የላላችው። ገመዷን ለወጥኩላት፣ ተነሣ። አምስት ደቂቃ አልፈጀም። ፎርማት አስደርጋ ቢሆን ኖሮ ያ ሁሉ ሥራ በአንዲት የላላች ገመድ ምክንያት ሊጠፋ ነበር።

እናንተም እንዲህ አድርጉ፦

- ኮምፒውተሩን አጥፉ፣ የኤሌክትሪክ ገመዱን ከኋላ ንቀሉ። ከዚያ የማብሪያውን ቁልፍ ለ10 ሰከንድ ያህል ተጭናችሁ ያዙ። የቀረውን ኤሌክትሪክ ያወጣዋል።
- የሳጥኑን ብረት በእጃችሁ ንኩ። ሰውነታችሁ ላይ ያለው ኤሌክትሪክ በብረቱ እንዲወጣ ነው፤ አለበለዚያ ቺፕ ሊያቃጥል ይችላል።
- ምንም ከመንቀላችሁ በፊት ፎቶ አንሡ። የትኛው ገመድ የት እንደነበር ኋላ ላይ አታስታውሱትም።
- አቧራውን በለስላሳ ብሩሽ ጥረጉ። ሙቀት የሚያስወጣውን መንገድ የሚዘጋው እሱ ነው። ፋኑን ስትጠርጉ በጣታችሁ ያዙት፣ እንዳይዞር።
- ቀጭኗን የዳታ ገመድ በሁለቱም ጫፍ ነቅላችሁ መልሳችሁ ሰኩ። የብረት ማያዣ ካላት መጀመሪያ ተጫኑት፤ በጉልበት አትጎትቱ። ከነቀላችሁ አይቀር በአዲሷ ለውጧት።
- ማዘርቦርዱ ላይ ወዳለ ሌላ የሳታ ቀዳዳ ቀይሯት። አንዱ ቀዳዳ ብቻ ተበላሽቶ ሊሆን ይችላል።
- ሰፋ ያለውን የኤሌክትሪክ ገመድ ከፓወር ሰፕላዩ በሚመጣ ሌላ ጫፍ ለውጡ።
- ባትሪዋን ለውጡ፤ የመደመር ምልክቱ ወደ ላይ። ከለወጣችሁ በኋላ ባዮስ ገብታችሁ ቀኑንና የሳታ ሞዱን አስተካክሉ። ይህን የሚረሳ ብዙ ነው።

ዲስኩ አሁንም አልዞር ካለ የዲቪዲ ማጫወቻውን የኤሌክትሪክ ገመድ ንቀሉና እንደገና ሞክሩ። ዲቪዲው ሲነቀል ዲስኩ ከተነሣ፣ ፓወር ሰፕላዩ ደክሟል፤ ሁሉንም መሸከም አቅቶታል። ዲስክ ከመግዛታችሁ በፊት እሱን ለውጡ። ደካማ ፓወር ሰፕላይ አዲሱንም ዲስክ ይጨርሰዋል።

ሰፊ ጠፍጣፋ ባለ 40 ቀዳዳ ገመድ ካያችሁ ዲስካችሁ ጥንታዊው አይዲኢ ነው። እዚያ ላይ ከዲስኩ ጀርባ ያለችውን ትንሽ ፕላስቲክ፣ ጃምፐሯን፣ አትነካኩ።

4. የዲስኩን ጤና ራሱን ጠይቁት

ሃርድ ዲስክ ስለ ራሱ ይመዘግባል። ምዝገባው ስማርት ይባላል። ዊንዶውሱ ከተነሣላችሁ ክሪስታል ዲስክ ኢንፎ የተባለውን ነፃ ፕሮግራም አውርዱ፤ በተቻለ መጠን በሌላ ኮምፒውተር አውርዳችሁ ከፍላሽ ላይ አስኪዱት። በታመመው ዲስክ ላይ የምትጽፉት ነገር ባነሰ ቁጥር ይሻላል።

ሲከፈት ከላይ ቀለም ታያላችሁ። ሰማያዊ ደህና ነው፣ ቢጫ ጥንቃቄ፣ ቀይ መጥፎ። ቀለሙን ብቻ አይታችሁ አትዝጉት። እነዚህን መስመሮች አንብቡ፦

- 05፦ ተበላሽተው በመጠባበቂያ የተተኩ ሴክተሮች (ዲስኩ ዳታ የሚጽፍባቸው ትንንሽ ክፍሎች) ብዛት። ዜሮ ከሆነ ጥሩ። ጥቂት ሆኖ ለወራት ካልጨመረ ተከታተሉት። በየሳምንቱ እየጨመረ ከሄደ ዲስኩ እያለቀ ነው።
- ሲ5፦ አሁን ማንበብ ያቃተው፣ ገና ያልተተካ ሴክተር። እኔን ከሁሉም በላይ የሚያሳስበኝ ይህ ነው፤ እዚያ ቦታ ላይ ያለ ፋይል አሁን እየጠፋ ሊሆን ይችላል።
- ሲ6፦ ሊታረም ያልቻለ ሴክተር። ከዜሮ በላይ ከሆነ ወደ ደረጃ 5 ሂዱ።
- ሲ7፦ በገመዱ ላይ የተፈጠረ ስህተት። ቁጥሩ ትልቅ ሆኖ ሌሎቹ ዜሮ ከሆኑ ዲስኩን ሳይሆን ገመዱን ጠርጥሩ። ይህ ቁጥር ገመድ ሲለወጥም ወደ ዜሮ አይመለስም፤ መጨመሩን ካቆመ ግን ተስተካክሏል።

ፕሮግራሙ ቁጥሮቹን በአሥራ ስድስት መደብ ስለሚያሳይ ፊደል ቢቀላቀልባችሁ አትደንግጡ። ፈንክሽን ከሚለው ዝርዝር አድቫንስድ ፊቸር፣ ከዚያ ሮው ቫልዩስ ገብታችሁ ወደ 10 ብትቀይሩት በለመዳችሁት ቁጥር ይሆናል።

የሠራበትን ሰዓትም እዩ። አንድ ዓመት ሳይጠፋ የሠራ ዲስክ 8,760 ሰዓት ይሞላል። በቀን 8 ሰዓት፣ በዓመት 300 ቀን የሚሠራ የቢሮ ማሽን በ10 ዓመት 24,000 ሰዓት ይደርሳል። ሙቀቱ ደግሞ ከ50 ዲግሪ ሴንቲ ግሬድ በላይ ከቆየ ሳጥኑ አየር እያጣ ነው፤ ከግድግዳው አርቁት፣ ፋኑን አረጋግጡ።

አንድ ነገር ልብ በሉ። ስማርት መጥፎ ካለ እመኑት። ደህና ካለ ግን ሙሉ በሙሉ አትመኑት። ምንም ሳያስጠነቅቅ በድንገት የሚሞት ዲስክ አለ።

ዊንዶውሱ አልነሣ ካለ፣ በቀጣዩ ደረጃ ከምናዘጋጀው ፍላሽ ላይ ዲስክስ የሚል ፕሮግራም አለ፤ ያንኑ ምዝገባ እዚያ ታገኙታላችሁ።

5. ፋይሉን አውጡ

ዲስኩ ቢጫም ይሁን ቀይ፣ ወይም ዝም ብሎ ያስጠረጥር፣ አሁን የምትሠሩት ይህን ብቻ ነው። ሌላ ምንም አትንኩ።

ዊንዶውሱ ቢነሣም እንኳ በሌላ መንገድ ማውጣት ይመረጣል። ዊንዶውስ በተነሣ ቁጥር ሳትጠይቁት ዲስኩ ላይ ይጽፋል፦ መዝገብ፣ ጊዜያዊ ፋይል፣ አፕዴት። ለታመመ ዲስክ ይህ ሁሉ ሸክም ነው። ከፍላሽ የሚነሣ ሊኑክስ፣ እንደ ዊንዶውስ ያለ ሌላ ነፃ ሥርዓት፣ ግን ካላዘዛችሁት በቀር በዲስኩ ላይ አይጽፍም።

ሀ. በተዋሳችሁት ኮምፒውተር ሊኑክስ ሚንትን አውርዱ፤ ጥቂት ጊጋ ስለሆነ ዋይፋይ ፈልጉለት። ሩፈስ በተባለ ነፃ ፕሮግራም ወደ ባዶው ፍላሽ ጫኑት። ፍላሹ ላይ የነበረው ሁሉ ይጠፋል።

ለ. ፍላሹን በታመመው ኮምፒውተር ሰክታችሁ አስነሡት። የማስነሻ ዝርዝሩን ለማምጣት ዴልና ሌኖቮ ላይ ኤፍ12፣ ኤችፒ ላይ ኤፍ9 ነው። ፍላሹን ምረጡ።

ሐ. ዴስክቶፑ ሲመጣ ኢንስቶል የሚለውን ምልክት አትንኩ። እሱን ከነካችሁ ዲስኩ ላይ ሊጫን ይዘጋጃል። የኮምፒውተር ማኅደሩን ክፈቱና ዲስካችሁን ፈልጉ። ፋይሎቻችሁ ብዙ ጊዜ ዩዘርስ በሚለው ፎልደር፣ በስማችሁ ሥር ናቸው።

መ. ኤክስተርናሉን ሰኩና ኮፒ አድርጉ። ቅደም ተከተሉ ወሳኝ ነው። በቅድሚያ ትናንሾቹንና የማይተኩትን፦ የወርድና የኤክሴል ፋይል፣ የሒሳብ ዳታ፣ የተቃኘ ሰነድ። ቀጥሎ የቤተሰብ ፎቶ። ከዚያ የቤተሰብ ቪዲዮ። ፊልምና ዘፈን መጨረሻ ላይ፣ ዲስኩ እስከዚያ ከቆየ። ዲስኩ መቼ እንደሚያቆም አይታወቅም፤ በቆመበት ሰዓት ዋናው ነገር ወጥቶ መሆን አለበት።

ሠ. ሁሉንም በአንድ ጊዜ አትምረጡ። ፎልደር በፎልደር ሂዱ። አንዱ ፋይል ላይ ተቸክሎ ከቀረ ካንሰል በሉና ወደሚቀጥለው እለፉ። አንድን የተበላሸ ፎቶ ለማንበብ ሲታገል ሌሎቹን 500 ሳያወጣ ሊሞት ይችላል።

ረ. ካለቀ በኋላ ኤክስተርናሉን ሌላ ኮምፒውተር ላይ ሰክታችሁ ጥቂቶቹን ፋይሎች ክፈቱ። ስማቸው ስለታየ ብቻ ወጥተዋል አትበሉ።

ብዙ ሴክተር የተበላሸበት ዲስክ ከሆነ ዲዲ ሬስኪው የሚባል የሊኑክስ መሣሪያ አለ። መጀመሪያ ደህናውን ቦታ ሁሉ ይቀዳል፣ ወደ ክፉው ቦታ የሚመለሰው በስተመጨረሻ ነው። የት እንደደረሰም በፋይል ይመዘግባል። መብራት ድንገት ቢጠፋባችሁ የመዝገቡ ፋይል ካለ ከቆመበት ይቀጥላል፤ ለእኛ አገር ሁኔታ ይህ ትልቅ ነገር ነው። መዝገቡን ግን ከሚቀዳውና ከሚቀዳበት ዲስክ ውጭ በሌላ ፍላሽ ወይም ኤክስተርናል ላይ አስቀምጡ፣ ከፍላሽ የተነሣው ሊኑክስ ሲጠፋ የራሱን ነገር ይረሳል። የሚቀበለው ዲስክም ቢያንስ ከታመመው እኩል መጠን ይኑረው። ትእዛዝ በመጻፍ የሚሠራ ስለሆነ ሊኑክስ የሚያውቅ ሰው አጠገባችሁ ቢኖር ጥሩ ነው። የሚቀዳውንና የሚቀዳበትን ዲስክ ቦታ ካቀያየራችሁ ባዶው በሙሉው ላይ ይጻፍበታል።

ዲስኩ ቀጭ ቀጭ የሚል ከሆነ እና ውስጡ ያለው በገንዘብ የማይተካ ከሆነ፣ ከላይ ያለውን አንዱንም አትሞክሩ። አጥፍታችሁ አውጡት፣ በስፖንጅ ጠቅልሉት፣ ከአቧራ የጸዳ ክፍልና መለዋወጫ ያለው የዳታ ማውጫ ድርጅት እስክታገኙ አስቀምጡት። ተደጋግሞ የተበራ ዲስክ ለእነሱም አይመችም።

6. አሁን ጥገና

ፋይሉ ወጥቶ በእጃችሁ ካለ ብቻ ወደዚህ ኑ። ይህን የምለው ከልቤ ነው። አንድ ጊዜ የጎረቤቴን ዲስክ ሳልገለብጥ ቼክ ዲስክ የሚባለውን የዊንዶውስ መመርመሪያ አስጀመርኩት። ስማርቱ ቢጫ ነበር፤ «ይታረማል» ብዬ አሰብኩ። 11 በመቶ ላይ ደርሶ ቆመ። ከዚያ በኋላ ባዮሱም አላየውም። የሟች እናታቸው ፎቶ በሙሉ እዚያ ነበር። ቼክ ዲስክ መጥፎ ሴክተር ሲፈልግ የዲስኩን ሙሉ ገጽ ለሰዓታት ያነባል፤ ለደከመ ዲስክ ከዚህ የከበደ ሥራ የለም።

ስማርቱ ደህና ሆኖ ፋይል አልከፈት የሚል ከሆነ፣ ለምሳሌ መብራት ድንገት ከጠፋ በኋላ፣ ቼክ ዲስክ በእርግጥ ይጠቅማል። ማይ ኮምፒውተር ውስጥ ድራይቩን በቀኝ ክሊክ፣ ፕሮፐርቲስ፣ ቱልስ፣ ከዚያ ቼክ በሉ። ሲ ድራይቭ ከሆነ ሪስታርት ሊጠይቅ ይችላል። የሚወስደው ጊዜ እንደ ዲስኩ ነው፤ ሌሊቱን ሊያድር ይችላል። ያለ ዩፒኤስ ከሆናችሁ መብራት በሚመላለስበት ሰዓት አታስጀምሩት። ማውጫውን እየጻፈ እያለ ቢጠፋ ከነበረው የባሰ ይበላሻል።

7. ይነሣል ግን ይንቀራፈፋል?

ኮንትሮል፣ ሺፍትና ኢስኬፕ አንድ ላይ ተጫኑ፤ ታስክ ማኔጀር ይከፈታል። ፐርፎርማንስ፣ ከዚያ ዲስክ። 100 በመቶ የሚለውን ብቻ አትዩ፤ ከሥሩ አቬሬጅ ሪስፖንስ ታይም የሚል አለ። ጥቂት አሥር ሚሊ ሰከንድ ከሆነ ዲስኩ ሥራ በዝቶበት ነው። ቀላል ሥራ እየሠራችሁ በመቶዎችና በሺዎች ከቆየ ግን ዲስኩ ለማንበብ እየታገለ ነው፤ ወደ ደረጃ 4 ተመለሱ።

ዲስኩ ጤነኛ ከሆነ ሜሞሪ የሚለውን እዩ። 2 ወይም 4 ጊጋ ራም ሞልቶ ከተገኘ ዊንዶውስ ዲስኩን እንደ ራም እየተጠቀመበት ነው። መፍትሔው ራም መጨመር ነው። ሲ ድራይቭም ጥግ ድረስ ከሞላ ቦታ አስለቅቁለት።

8. መለወጥ ካስፈለገ

የሳታ ቀዳዳ ያለው ዴስክቶፕ ሁሉ ማለት ይቻላል ኤስኤስዲ፣ ማለትም በሚዞር ሳህን ፋንታ በቺፕ የሚሠራውን ዲስክ፣ ይቀበላል። ቀዳዳው አሮጌው ሳታ 2 ቢሆንም ለውጡ በግልጽ ይታያል። ሃርድ ዲስክ አንድ ፋይል ለማግኘት 10 ሚሊ ሰከንድና ከዚያ በላይ ሲወስድ ኤስኤስዲ ከ1 ሚሊ ሰከንድ በታች ነው የሚፈጅበት። ለዊንዶውስ 240 ወይም 256 ጊጋ ይበቃል። የሚንቀሳቀስ አካል ስለሌለውና ቀላል ስለሆነ በአንድ ጎኑ በሁለት ብሎን ቢታሰር ችግር የለውም።

ዊንዶውሱን ስትጭኑ አሮጌውን ዲስክ ነቅላችሁ ጫኑ። ሁለቱም ተሰክተው ከሆነ ማስነሻው ክፍል አሮጌው ላይ ሊቀመጥ ይችላል። ከወራት በኋላ አሮጌውን ስታወጡት አዲሱ አልነሣ ይላል። መጥፎ ሴክተር ያለበትን ዲስክም ወደ አዲሱ ክሎን አታድርጉ፣ ማለትም እንዳለ አትገልብጡ፤ የተበላሹትን የዊንዶውስ ፋይሎች አብራችሁ ታዛውራላችሁ። እንደ አዲስ ጫኑ።

ያገለገለ ሃርድ ዲስክ የምትገዙ ከሆነ ሻጩ እዚያው ሰክቶ በክሪስታል ዲስክ ኢንፎ ያሳያችሁ። 05፣ ሲ5 እና ሲ6 ዜሮ ይሁኑ። «አዲስ ነው» ካላችሁና የሠራበት ሰዓት በሺዎች ከሆነ አዲስ አይደለም።

ብዙ ጊዜ የማያቸው ስህተቶች

- የተመለሰውን ፋይል እዚያው የታመመ ዲስክ ላይ ማስቀመጥ። ገና ያልወጣውን ይደመስሰዋል።
- ዲስኩን ፍሪጅ ውስጥ ማስገባት ወይም በእጅ መምታት። ሲወጣ ውስጡ እርጥበት ይቋጥራል፤ ምቱ ደግሞ ማንበቢያውን ሳህኑ ላይ ይጥለዋል።
- በታመመ ዲስክ ላይ ዲፍራግ ማስኬድ። ፋይሉን ሁሉ ከቦታ ቦታ ያንቀሳቅሳል።
- እየሠራ ያለ ሳጥን ማንሣትና ማዘዋወር። ዲስኩ በደቂቃ 5,400 ወይም 7,200 ጊዜ እየዞረ ነው።
- መብራት ሲጠፋ ማብሪያውን እንደበራ መተው። ሲመለስ ኃይሉ ከፍና ዝቅ ይላል። ከሶኬት ንቀሉት፣ ከተመለሰ በኋላ ጥቂት ደቂቃ ጠብቁ።
- ፋይሉን ወደ ኤክስተርናል ገልብጦ ከዋናው ማጥፋት። ያኔም አንድ ኮፒ ብቻ ነው ያላችሁ። ኤክስተርናሉም ሃርድ ዲስክ ነው።
- አሮጌውን ዲስክ በፈጣን ፎርማት አጽድቶ መሸጥ። ፈጣን ፎርማት ማውጫውን እንጂ ፋይሉን አያጠፋም፤ የገዛው ሰው መልሶ ሊያወጣው ይችላል። ኩዊክ ፎርማት ከሚለው ላይ ምልክቱን አንሡና በሙሉ አስደርጉት። ሰዓታት ይወስዳል፤ ይውሰድ።